ስልሳ ዓመት ላይ የሚዘጋ በር

የኢትዮጵያ የጎልማሶች ትምህርት ለማን እንደታቀደ ለማወቅ ብዙ ሰነድ ማገላበጥ አያስፈልግም። በ2000 ዓ.ም. የወጣውን ብሔራዊ የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂ ተከትሎ በየክልሉ የተዘረጋው የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት፣ ተማሪዎቼ የሚላቸው ከ15 እስከ 60 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ነው። በአገራችን አረጋዊ የሚባለው ደግሞ 60 ዓመት የሞላው ሰው ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው እርጅና የሚጀምርበትና ትምህርት የሚያበቃበት ቀን አንድ መሆኑን ያያል። እርግጥ ነው፣ ገጠር ውስጥ የተወለደበትን ቀን በትክክል የሚያውቅ ሽማግሌ ጥቂት ነው፤ ደጃፍ ላይ ቆሞ ዕድሜ የሚጠይቅ አመቻችም (የጎልማሶች አስተማሪም) የለም። የዕድሜ ጣሪያው ጉልበቱ የሚታየው ዕቅዱ፣ በጀቱ፣ የመማሪያ መጽሐፉና ሪፖርቱ ላይ ነው። ከጣሪያው በላይ ያለ ሰው ቢመጣ አይቆጠርም፣ ቢቀር አይፈለግም። የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንኳ የንባብ ችሎታን የሚለካው ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሴቶችና ከ15 እስከ 59 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ ነው። የ65 ዓመት የገጠር እናት ማንበብ ትችል እንደሆነ በዚህ ጥናት የሚጠይቃት የለም።

ጣሪያው የቆመው በሁለት ግምቶች ላይ ነው። አንደኛው፣ ያረጀ ሰው አዲስ ነገር አይማርም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ቢማርም የተማረውን ሥራ ላይ የሚያውልበት ዘመን አልቀረውም የሚል ነው። በዚህ ምዕራፍ እንደምናየው ሁለቱም ሲመረመሩ አይጸኑም። የገጠር አረጋውያን ከትምህርት የሚቀሩት ትምህርቱ ሲሰናዳ ዓይናቸው፣ ጊዜያቸው፣ የእግራቸው አቅምና በየዕለቱ የሚገጥማቸው ጉዳይ ከግምት ስላልገባ ነው። ይህ ሊስተካከል የሚችል የአሠራር ጉድለት ነው፤ ዕድሜ ያመጣው ዕጣ አድርገን ስንቆጥረው ግን ማስተካከሉን አብረን እንተወዋለን።

ከሁለተኛው ግምት እንጀምር። የአንድ አገር አማካይ የመኖር ዕድሜ ሲነገር በሕፃንነታቸው የሚሞቱት አብረው ስለሚቆጠሩ አኃዙ ዝቅ ይላል፤ ሰሚውም 60 ዓመት የሞላው ሰው የቀረው ጥቂት ዓመት ብቻ ይመስለዋል። እውነታው ሌላ ነው። እዚያ ዕድሜ ላይ የደረሰ ኢትዮጵያዊ በአማካይ ገና ከ15 ዓመት በላይ ይኖራል። የጎልማሶቹ መርሃ ግብር የሚፈጀው ሁለት ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ተምሮ አሥራ ሦስት ዓመት መጠቀም በየትኛውም ስሌት ኪሳራ አይባልም። ከዚህ የሚበልጠው ነጥብ ግን በእነዚያ ዓመታት ምን ይጠብቀዋል የሚለው ነው። ዛሬ 70 ዓመት የሆናቸው የገጠር ሰዎች የተወለዱት በ1940ዎቹ ነው፤ ያኔ ትምህርት ቤት የከተማ ነገር ነበር። ወረቀት ወደ ቤታቸው የገባው ካረጁ በኋላ ነው። የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የሴፍቲኔት ካርድ፣ የጤና መድን መታወቂያ፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የባንክ ደብተር፣ በስልክ የሚላክ ገንዘብ፣ ሁሉም የመጡት ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት ነው። ስለዚህ የዛሬው አረጋዊ ከንባብ ዓለም እየወጣ ያለ ሰው ተደርጎ መታየቱ ስህተት ነው። ሳይዘጋጅ የገባበት አሁን ነው።

የመሬት ደብተሩ ብቻውን ብዙ ያስረዳል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ለባለይዞታው የማረጋገጫ ደብተር እንዲሰጠው ደነገገ፤ በአንዳንድ ክልሎች ሥራው ከዚያም ቀድሞ ተጀምሮ ነበር። ደብተሩ ላይ የባለቤቱና የባለቤቲቱ ስም፣ አዋሳኞች፣ ስፋቱም በሄክታር ይጻፋል። ጉልበት የከዳው ሽማግሌ ወይም በሬ የሌላት ባል የሞተባት ሴት መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ይሰጣሉ ወይም ያከራያሉ፤ ኑሯቸው የሚቆመውም በዚያ ውል ላይ ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ እነሱ ግን የሚፈርሙት በጣት አሻራ ነው። ውሉ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ስፋቱ ስንት እንደተባለ፣ የሚያውቁት በሌላ ሰው አንደበት ነው፤ ያ ሰው ደግሞ አንዳንዴ ውሉን የሚዋዋለው ራሱ ወይም የእሱ ዘመድ ነው። መሬቷን በጥማድ የምታውቅ ሴት ወረቀቱ ላይ 0.75 ሄክታር ሲል ሦስት ጥማድ ገደማ መሆኑን ካላወቀች፣ ቁጥሩ ቢቀየር አታስተውልም። የዚህች ሴት ትምህርት ዋጋውን የሚመልሰው ከሃያ ዓመት በኋላ አይደለም፤ በሚቀጥለው የውል ዕድሳት ነው። ለልጅ ትምህርት ስንሰጥ ፍሬውን ከሩቅ እንጠብቃለን። የአረጋዊ ትምህርት ፍሬው ቅርብ ነው፤ ቅርብ በመሆኑም ስሌታችን ውስጥ ሳይገባ ይቀራል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ግምት እንመለስ። «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» የሚለው ተረት አዛውንት ሰው ደብተር ሲይዝ ቶሎ አፍ ላይ ይመጣል፤ የሚያላግጠው ጎረቤት ብቻ አይደለም፤ አዛውንቱ ራሱም ያምነዋል። ከተረቱ ጀርባ ያለው እምነት አእምሮ አንዴ ከደረቀ ፊደል አይቀበልም የሚል ነው። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ስታኒስላስ ዴሃንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ይህን እምነት በቀጥታ ይነካል። በፖርቱጋልና በብራዚል የሚኖሩ 63 ጎልማሶችን አእምሮ በምስል መርምረዋል፤ ከመካከላቸው ጨርሶ ያልተማሩ፣ በልጅነት የተማሩ እና ማንበብን በጉልምስና የተማሩ ነበሩ። በጉልምስና በተማሩትም አእምሮ ላይ ንባብ የሚያመጣው ለውጥ አብዛኛው ታይቷል፤ መጠኑ ግን በልጅነት ከተማሩት ያንሳል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ገጽ አለው። በሩ አልተዘጋም፤ መንገዱ ግን ይረዝማል። ስለዚህ ለሃያ ዓመት ወጣት የተመደበውን ሰዓት ለሰባ ዓመት ሰው ሰጥቶ «አልቻለም» ማለት ፍትሐዊ ፈተና አይደለም።

መንገዱ የሚረዝምበትን ምክንያት የጎልማሶችን ንባብ ያጠኑት የቀድሞዋ የዓለም ባንክ ባለሙያ ሄለን አባድዚ በሚገባ አብራርተዋል። ፊደል በፊደል እየቆጠረ የሚያነብ ሰው የዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ከአእምሮው ይጠፋል፤ አእምሮ ለአፍታ ይዞ የሚያቆየው ነገር ውስን ነውና። ንባብ ትርጉም የሚሰጠው ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ሲሆን ነው፤ እዚያ ፍጥነት ላይ ሳይደርስ ያቋረጠ ሰው የተማረውን ቀስ በቀስ ያጣዋል። የአማርኛ ተማሪ 33 የፊደል ዘር በሰባት ቤት፣ በድምሩ 231 ምልክት ይጠብቀዋል፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ሀሁን በቃል ማዜም ቀላል ነው፤ ከመሐል አንዱን ነጥሎ መለየት ግን ብዙ ልምምድ ይጠይቃል። እዚህ ላይ አረጋዊው ከወጣቱ የሚበልጥበት ነገር አለ፤ በቃሉ የያዘው ብዙ ነው። ውዳሴ ማርያምን ወይም የዘወትር ጸሎትን፣ በሙስሊሙ ዘንድ መንዙማን፣ ከዚያም በላይ ምሳሌያዊ ንግግሩንና የቀዬውን ግጥም በቃሉ ያውቃል። ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል አስቀድሞ የሚያውቅ አንባቢ ዓይኑ ፊደሉን ሲከተል ይፈጥናል። የቤተ ክህነትና የቁርዓን ትምህርት ቤቶች ቃልን ከፊደል ጋር ማጋጠምን ከጥንት ጀምሮ ያውቁበታል። የጎልማሶች መጽሐፍ ተማሪው ሰምቶት በማያውቀው ጽሑፍ ከጀመረ ግን ይህን ብልጫ ያባክነዋል።

ከአእምሮ በፊት ደግሞ ዓይን አለ። ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ የዓይን ምስሪት ከቅርብ ያለን ነገር አጥርቶ የማየት አቅሟ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ዕድሜው የደረሰ ሁሉ ያገኘዋል። ከተማ ውስጥ የሚያነብ ሰው መነጽር ገዝቶ ይገላገላል፤ ገጠር ያለው ሰው ግን ፊደል ይዞ ስለማያውቅ ዓይኑ መድከሙን እንኳ ላያውቅ ይችላል። ደብተሩ ላይ የሚያየው የተዥጎረጎረ ጥቁር ነገር ከሆነ እሱም መምህሩም «አእምሮዬ አልቀበል አለ»፣ «አእምሮው አልቀበል አለ» ብለው ይደመድማሉ። በሕንድ አሳም ክፍለ ግዛት ዕድሜያቸው ከ40 በላይ በሆነ 751 የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ማንበቢያ መነጽር የተሰጣቸው ሠራተኞች ምርታማነት ካልተሰጣቸው ከ20 በመቶ በላይ ብልጫ እንዳሳየ አረጋግጧል። ቅጠል ለቀማ ይህን ያህል ከተሻሻለ፣ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ልዩነት ያላቸውን «ሰ» እና «ስ» መለየት ምን ያህል እንደሚሻሻል መገመት አይከብድም። በዚያ ላይ የአማራ ክልልን ጨምሮ ትራኮማ በበረታባቸው አካባቢዎች የዓይን ምርመራን ከትምህርት ምዝገባ ጋር ማድረግ መነጽር የማይመልሰውን ችግር፣ የዓይን ቆብ ፀጉር መታጠፍንና የዓይን ሞራን፣ ለሐኪም ለማሳየት ዕድል ይሰጣል።

ታሪካችንም የሚያስተምረው ነገር አለ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ ሚሊዮኖችን ደብተር አስያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማትም አገኘ። ወደ ዘመቻው መጨረሻ ላይ መንግሥት ከሕዝቡ ከግማሽ የሚበልጠው ማንበብና መጻፍ ችሏል ይል ነበር። በ1987 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ግን ዕድሜው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሕዝብ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከአራት አንዱ እንኳ እንዳልሞላ አሳየ። የሁለቱ አቆጣጠር ቢለያይም ልዩነቱ እንዲህ ሲሰፋ ዝም ተብሎ አይታለፍም። ዘመቻው ለተከታታይ ንባብ አላሰበም ማለት አይቻልም፤ የንባብ ቤቶች ተሠርተው ነበር፣ መጻሕፍትም ታትመው ነበር። ችግሩ በኮታና በግዴታ የመጣ ተማሪ ፈተናውን ካለፈ በኋላ ዕለታዊ ኑሮው ውስጥ የሚነበብ ነገር አለማግኘቱ ነው፤ የወቅቱ ጦርነትና ሰፈራ ደግሞ የቀረውን በተነው። የዚያ ዘመን ገበሬ የሚያነበው ደብተር ስላልነበረው ረሳ። የዛሬው ገበሬ ግን ደብተሩ፣ ካርዱና ስልኩ ቤቱ ውስጥ አሉ። ያኔ የጎደለው የንባብ ምክንያት ዛሬ ሞልቷል፤ የጠፋው ትምህርቱ ነው።

ሰዓትና ቦታም ራሳቸውን የቻሉ ጉዳዮች ናቸው። ሕንድ ውስጥ በማሃራሽትራ ክፍለ ግዛት ፋንጋኔ የምትባል መንደር እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 2016 የአያቶች ትምህርት ቤት ከፈተች። ተማሪዎቿ ከ60 እስከ 90 ዓመት የሆናቸው ሠላሳ ያህል ሴቶች ናቸው፤ ትምህርቱ የቤቱ ሥራ ካለቀ በኋላ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ይሰጣል፣ ትምህርት ቤቱም እዚያው መንደራቸው ውስጥ ነው። በአንጻሩ ኬንያ ውስጥ ኪማኒ ማሩጌ እ.ኤ.አ. በ2004 በ84 ዓመታቸው አንደኛ ክፍል ሲገቡ ዓለም አደነቃቸው። መጽሐፍ ቅዱስን ራሳቸው ማንበብ፣ ገንዘባቸውንም ራሳቸው መቁጠር ፈልገው ነበር። አድናቆቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን አንድ አዛውንት ከስድስት ዓመት ልጆች ጋር በአንድ አግዳሚ የተቀመጡት ለእሳቸው የተዘጋጀ ሌላ ቦታ ስላልነበረ ነው። ብዙ ሰው የማሩጌን ድፍረት አያገኝም፤ ማግኘትም ሊጠበቅበት አይገባም። እኛ ዘንድ ደግሞ ተዘጋጅቶ የቆየ ጊዜና ቦታ አለ። በኦርቶዶክሱ ገጠር 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 29 በዓለ ወልድና ሌሎችም እርሻ የማይነካባቸው ቀናት ናቸው፤ ሰዉም በሰንበቴና በማኅበር ይሰበሰባል። በሙስሊሙ ገጠር ከጁምዓ በኋላ ያለው ሰዓት እንዲሁ ነው። ዕድር ደግሞ ሁሉንም ያገናኛል። አረጋዊው እነዚህ ቦታዎች ድረስ ለመሄድ ሰበብ አያስፈልገውም፤ ሲቀርም ለምን ቀረ ተብሎ ይጠየቃል። የቀበሌው ትምህርት ቤት ግን ሩቅ ነው፤ አግዳሚውም ለልጅ ጉልበት የተለካ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሳው ጠንካራው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ሕፃናት በዛፍ ጥላ ሥር በሚማሩበትና ብዙዎች በጦርነትና በድርቅ ከትምህርት በተለዩበት አገር ለአያቶች በጀት መጠየቅ ቅንጦት ነው ይባላል። ተቃውሞው ከባድ የሚሆነው ግን የልጁና የአያቱ ጥቅም የተለያየ ከሆነ ነው። ወጣቱ ወደ ከተማ፣ ከወሎና ከጅማ ደግሞ ወደ ዐረብ አገር ሲሄድ ልጁን የሚያሳድገው አያት ነው። ሐኪሙ የጻፈውን የመድኃኒት ሰዓት የሚጠብቅ፣ የልጁን ደብተር የሚመለከት፣ ልጁ ከትምህርት ሲቀር የሚቆጣ እሱ ነው። ከሳዑዲ ወይም ከቤሩት የተላከውን ገንዘብ ከባንክ የሚያወጣም እሱ ነው፤ ቁጥሩን የሚያነብለት ሰው ካጣ ገንዘቡ ለልጁ ሳይደርስ በመሐል ሊሸራረፍ ይችላል። ወጪውም የሚፈራውን ያህል አይደለም። አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ መዋቅር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው መነጽር፣ በትልልቁ የታተመ መጽሐፍና ለአመቻቹ በወቅቱ የሚከፈል አበል ነው። በሕንድ ራጃስታን ቲሎኒያ ላይ ባንከር ሮይ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቋቋመው ቤርፉት ኮሌጅ፣ ከሕንድና ከአፍሪካ ገጠሮች የመጡ ማንበብ የማይችሉ ሴቶችን በስድስት ወር የፀሐይ ኃይል መሣሪያ መግጠምና መጠገን ሲያሠለጥን ከመረጣቸው ብዙዎቹ አያቶች ናቸው። ምክንያቱ ቁጠባ ነው፤ የሠለጠነ ወጣት ሥራ ፍለጋ ከተማ ይገባል፣ አያት ግን መንደሯ ትቀራለች፣ ሙያውም አብሯት ይቀራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዘመኑ የመጣ ነው። ስልክ በድምፅ ሲያናግር ለምን ፊደል ይቆጠራል የሚሉ አሉ። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የግብርና መረጃ መስመር በተለያዩ ቋንቋዎች በድምፅ ምክር ይሰጣል፤ ማንበብ ለማይችል ገበሬ ትልቅ አገልግሎት ነው። ነገር ግን እዚያም ለመድረስ ቁጥር መምታት፣ አማራጭ መምረጥ ያስፈልጋል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብር፣ በአንዳንድ ወረዳዎችም በሞባይል የሚከፈለው የሴፍቲኔት ገንዘብ ደግሞ በሚስጥር ቁጥር ይሠራሉ። ሚስጥር ቁጥሩን ራሱ መምታት የማይችል ሰው ለሌላ መንገር አለበት፤ ሚስጥር መሆኑም እዚያ ላይ ያከትማል። ስልክ የንባብን ሸክም በከፊል ያቀልላል፤ የማያነብ ሰው የሚታለልበትን መንገድ ግን ይጨምራል። ስለዚህ ድምፅ የትምህርቱ ማስጀመሪያ እንጂ ምትኩ አይሆንም፤ የመጀመሪያው የትምህርት ሳምንትም ከአሥሩ አኃዞችና ከስልኩ ቁልፎች ቢጀምር የተሻለ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው የሚያነሱት ነው፤ «እኛማ ከእንግዲህ ምን እንሆናለን» ይላሉ። ይህን ቃል እንደ ቁርጥ ውሳኔ መውሰድ ያሳስታል። ሰው የማይፈልገውን የሚወስነው ከቀረበለት ተነስቶ ነው፤ የቀረበለት ደግሞ ሊያሳፍረው የሚችል፣ ሩቅ የሆነ፣ የማይታየው ነገር ነው። ሴቶች ላይ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቆየው «ለሴት ምን ያደርጋል» የሚለው አባባል ይደረብበታል። በሌላ በኩል አገር በሽማግሌ የሚታረቅበት ማኅበረሰብ ውስጥ አዛውንትን ባዶ ዕቃ አድርጎ የሚያስተምር አመቻች ተማሪ ሊያጣ ይገባዋል። ዕርቅ እንዴት እንደሚወርድ፣ የዘር አቆጣጠሩን፣ የድርቅ ዘመኖቹን፣ የእህሉን ዓይነትና የአፈሩን ጠባይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ይህ እውቀት በቃል ብቻ ያለ በመሆኑ ባለቤቱ ሲሞት አብሮት ይቀበራል። አመቻቹ ይህን እየጻፈ መልሶ እንዲያነቡት ቢሰጣቸው የንባቡ ጽሑፍ ከራሳቸው አንደበት የወጣ፣ አስቀድመው የሚያውቁት ይሆናል፤ ቀደም ብለን ያነሳነው የፍጥነት ችግርም በከፊል በዚሁ ይፈታል።

እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ የሚጠየቀው ነገር ትልቅ አይደለም። ከዕቅዱ ላይ 60 የሚለው ጣሪያ ይነሳ፤ ምዝገባው ከዓይን ምርመራ ይጀምር፤ ትምህርቱ መኸር ከተሰበሰበ በኋላ ከጥር እስከ ግንቦት ሰንበቴና ዕድር ባሉበት ይሰጥ፤ ጊዜው ለወጣቱ ከተመደበው ይርዘም። ከሁሉም በላይ መመዘኛው ይቀየር። ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንቱ ፈተና አለፈ የሚለው አቆጣጠር አንዴ ከ1971 በኋላ አታሎናል። በእሱ ፋንታ ስንቶቹ የመሬት ውላቸውን ራሳቸው አንብበው በስማቸው ፈረሙ፣ ስንቶቹ ሚስጥር ቁጥራቸውን ለማንም ሳይናገሩ ገንዘባቸውን አወጡ፣ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት የሚወስዱት ስንቶቹ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ለዩ ብሎ መቁጠር ይቻላል። ይህን ለመቁጠር የሚፈቅድ አንድ ወረዳ ቢገኝ፣ በእርጅና ላይ የተላለፈው ፍርድ ትክክል ይሁን አይሁን በሁለት በጋ ውስጥ ማወቅ እንችላለን።